የጋለው ኮፈን

ዩሱፍ እጁን የቀይዋ መኪና ኮፈን ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሳው። ብረቱ ይፋጃል።

«ማታውን እዚህ ትደር፣ ጠዋት ሳትሞቅ እኛው እናስነሳታለን ብዬ ነበር እኮ የላክሁብዎት» አለ፣ ድምፁን እንደምንም ዝቅ አድርጎ።

ሀብተሥላሴ የመኪናዋን በር በዳሌው ገፋ አድርጎ ዘጋና ፈገግ አለ። «ሳትሞቅ እንድትመጣ ታዲያ በበቅሎ ላስጎትታት ኖሯል?»

ሐጂ ከሊፋ ሳቁ። ዩሱፍን ያበገነው ያ ሳቅ ነው። አባቱ በማንም ቀልድ እንዲህ በቀላሉ የሚስቁ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆዳ የነገዱ፣ አንድ የበግ ሌጦ ለመግዛት ፀሐይ ላይ ዘርግተው፣ በጥፍራቸው ቧጠው፣ አሽትተው፣ ገልብጠው እንደገና የሚያሸቱ ሽማግሌ ናቸው። አሁን ግን አጥራቸውን ተደግፈው ቆመው፣ ልጃቸው ሊሆን ለሚችል ቀብራራ እንደ ሎሌ ይስቁለታል።

መኪናዋስ ታምራለች፤ እሱን የካደ የለም። ዝቅ ያለች፣ ባለሁለት በር፣ ቅላቷ ዓይን የሚወጋ የስፖርት መኪና ናት። አንድ አሜሪካዊ መኮንን ወደ አገሩ ሲመለስ ለሀብተሥላሴ ሸጦለት፣ እሱም ከፒያሳ ደብረ ዘይት፣ ከደብረ ዘይት ፒያሳ ሲያስጋልባት ከርሟል። አሁን ቤንዚን ሲወደድ ሰለቸችው። ከአጠገቧ የቆመው ኤንትሬ የጭነት መኪና የለቀምትን መንገድ ጭቃ እስከ መስኮቱ ለብሶ ሲታይ የሚያምር ነገር የለውም። ይህን ቤት የሚያበላው ግን እሱ ነው። የልጆቹ ደብተር፣ የሐጂ መድኃኒት፣ የዩሱፍ ሚስት ሰዓዳ እሳት ላይ የምትጥደው ነገር ሁሉ የሚወርደው ከእሱ የጭነት ካሶኒ ላይ ነው።

ዩሱፍ ትናንት ከቀትር በኋላ ከለቀምት ሲገባ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ ነበር አባቱ ወሬውን የነገሩት። ኤንትሬው በዚህች ቀይ መኪና ተለውጧል፤ ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ዱዓም ተደርጓል አሉት። እሱ በጭቃ ተይዞ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲደረድር ባሳለፈበት ሳምንት፣ የሚነዳው መኪና ከእጁ ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

በኮልፌ ነጋዴ ዘንድ ዱዓ የተደረገበት ነገር አለቀለት። ሁለት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው አሚን ካሉ በኋላ ወረቀት የሚፈልግ የለም፤ ክርስቲያኑም ቢሆን ከሙስሊም ጋር ሲገበያይ እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል፣ ያከብረዋልም። ከዚያ ወዲያ ዕቃውን እያገላበጡ መመርመር በሰው ፊት ላይ እንደ መትፋት ነው። ግን እኮ ሥርዓቱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ዕቃው ይታያል፣ ቀጥሎ ዋጋው ይነገራል፣ ዱዓ የመጨረሻው ነው። ይህን ለዩሱፍ ያስተማሩት ራሳቸው ሐጂ ናቸው። እንዴት ኮፈን ሳያስከፍቱ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስነሱ እጃቸውን ያነሳሉ? ዩሱፍ ይህን ባሰበ ቁጥር ደሙ ይፈላል። ከአባቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ቆይቶ ያገኘው ፈቃድ አንዲት ብቻ ነበረች፤ መኪናዋን እንዲያያት። እሷንም «ሰውየውን እንዳታስቀይም» ከሚል ማስጠንቀቂያ ጋር ነው የሰጡት።

ለምን እንደሚፈሩት ዩሱፍም ያውቃል። ከወንዙ እስከ አስፋልቱ ያለው መሬት የሀብተሥላሴ አባት የግራዝማች ርስት ነበር፤ ግራዝማች አምና ሲሞቱ ለእሱ ደረሰ። እነ ሐጂ ከሊፋ በየዓመቱ የቦታ ኪራይ እየከፈሉ፣ በዚያ መሬት ላይ በራሳቸው ቆርቆሮና በራሳቸው እንጨት ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ባለመሬት ይፈራል፤ ይሁን። ግን መፍራት ሌላ፣ መታወር ሌላ ነው ብሎ ዩሱፍ ጥርሱን ነከሰ።

«እስክትቀዘቅዝ እንጠብቃታለን» አለ።

«እኔ ሥራ አለኝ።»

«እኔም አለኝ። ሥራዬን ነው የምለውጥልዎት።»

«ዩሱፍ» አሉ ሐጂ። ስሙን ብቻ ነው የጠሩት፤ ሌላ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃው ነበር። ዛሬ ግን ዱካ ስቦ ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ለፊት ተቀመጠና ዓይኑን ተከለባት። ሐጂ እንግዳውን ወደ ቤት አስገቡት። ሥጋ የሚበላሉ ስላልሆኑ ሰዓዳ ሻይ፣ ዳቦና ማር አቀረበች። ሀብተሥላሴም በላ፤ ማሩን አመስግኖ ደግሞ አስጨመረ። የማንኪያው ድምፅ ዩሱፍ እስካለበት ድረስ ይሰማል።

ምን እንደሚያይ ግን ያውቃል። ትናንት ማምሻውን ዱባለ ጋራዥ ሄዶ ነበር። ዱባለ ከጋሞ መጥቶ አስፋልቱ ዳር ጋራዥ የከፈተ ሰው ነው፤ ድሮ የፈረንጅ መኪና በሚጠገንበት ቤት ሠርቷልና ቱርቦ ያላቸውን ያውቃቸዋል። የሞተሩ ጭስ ሲወጣ አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ያሽከረክራል፣ እሷም ለሞተሩ ተጨማሪ አየር ትነፋለታለች፤ ፍጥነቱ ከዚያ ነው የሚመጣው ብሎ አስረዳው። ሲገዙ መከራው ያለውም እሷው ላይ ነው። ሻጭ አሙቆ ካመጣት አትመናት፣ ስትሞቅ ብዙ ነውር ይሸፈናል። ዘይቷን ጣትህ ላይ አድርገህ እያት፤ ቀጭን መሆን ሲገባው ከወፈረ ድምፅ ሊያፍኑበት ነው። የአየሩን ቱቦ ፍታና ውስጡን ዳብስ። መንኮራኩሯን ነቅንቃት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውየው ራሱ ይንዳና ሲያቆማት እየው አለው። ዩሱፍ ይህን የመጨረሻውን ያን ጊዜ ልብ አላለውም ነበር።

ኮፈኑ ሲበርድ ከፈተው። የዘይት መለኪያውን መዞ በጣቱ ሲነካው ዘይቱ ማር መሰለ፤ ሰዓዳ ለእንግዳው ካቀረበችው ማር ቢወፍር እንጂ አይቀጥንም። ቱቦውን በካቻቢቴ ፈታና ጣቱን አስገባ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ጥቁር ቅባት ለብሶ ወጣ። ከዚያ መንኮራኩሯን ያዘ። ዱባለ ከነቃነቅካት ንቅናቄዋ ለጣትህ እንኳ መሰማት የለበትም ብሎት ነበር። ይህችኛዋ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተወዛወዘች። ጠርዟም የምትዞርበትን የብረት ቤት እየፋቀ አብረቅርቋል።

ሀብተሥላሴ አፉን እየጠረገ ወጣ። ዩሱፍ ቱቦውን መልሶ አጠበቀና ያስነሱልኝ አለው። ሞተሩ እየተንገራገረ ተነሳ፤ ጥቂት ከሠራ በኋላ ዩሱፍ ነዳጅ ይስጧት ሲል ሰማያዊ ጭስ ከኋላዋ ተምዘግዝጎ ግቢውን ሞላ። ጭሱ ሰዓዳ በጠዋት አጥባ ያሰጣችው ልብስ ላይ ሄዶ ዐረፈ። ሰዓዳ ልብሱን አንድ በአንድ ከገመዱ ላይ ስታነሳ ዓይኗን ከሀብተሥላሴ ላይ አልነቀለችም።

«ዘይት ታቃጥላለች» አለ ዩሱፍ።

«የስፖርት መኪና ናት። ካላጨሰች ታዲያ እንደ መነኩሴ ሰዓታት ትቁም?»

ኮፈኑን ዘግተው ወደ ዊንጌት በሚወስደው ዳገት ወጡ። ሀብተሥላሴ ነበር የሚነዳው። ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀንሶ እግሩን ሲጭናት መጀመሪያ ምንም አልመጣም፤ ከዚያ ከኮፈኑ ሥር ፉጨት ተነሳ፣ ፉጨቱ ወደ ሲቃ ተለወጠ፣ መኪናዋም ዘግይታ ዘላ ሄደች። ሰውየው ደስ አለው። አህያ የሚነዱ ሴቶችን በክላክስ በትኖ፣ መታጠፊያውን በፍሬን አስጩኾ ዞረ። ቁልቁለቱንም በዚያው ፍጥነት ወርዶ ግቢው ውስጥ ገጭ አድርጎ አቆማት፣ እጁም ሳያርፍ ቁልፉን አዞረው። ሞተሩ ጸጥ አለ።

ዩሱፍ አሁን ገባው። ዱባለ ያለው ይህን ነው። እንዲህ ከጋለበች በኋላ ቆማ ጥቂት መሥራት አለባት፤ ያቺ መንኮራኩር እንደ ፍም ግላለችና ዘይቱ እየዞረ ያበርዳታል። ወዲያው ከጠፋች ዘይቱ እዚያው ድስት ላይ እንደ ተረሳ ሽንኩርት ያርና ዘንጓን ይበላታል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያጠፏት?»

«እንዴት ነው ታዲያ የምትጠፋው? ተለምና?»

ዩሱፍ ወርዶ ወደ አባቱ ሄደ። ሰውየው እንዲሰማው ጮክ ብሎ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ቱርቦዋ አልቆላታል፤ ዘይቱ ድምፅ ለማፈን የተደረገ ነው፤ ይህች መኪና ክረምቱን አትሻገርም። ነጥለው ቱርቦዋን እንኳ ቢፈልጉ እዚህ አገር የሚገኝ አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር ለጠላቱም የሚሰጥ ሰው ዓይኑን በጨው ያጠበ ነው አለ። ሐጂ መሬት መሬት ያያሉ።

ሀብተሥላሴ አልተቆጣም። የቀይዋን ቁልፍ ኮፈኑ ላይ ወርወር አደረገና መነጽሩን ጠራረገ። «ሐጂ፣ እኔና እርስዎ ጨርሰናል መሰለኝ። ዐሥር ሰዓት ላይ ሹፌር ይዤ እመጣለሁ። የጭነት መኪናው ቁልፍና ሊብሬው ይዘጋጅልኝ።» ከዚያም አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ታክሲ አስቁሞ ሄደ።

ዩሱፍ አባቱን ተከትሎ ገባ። ዕድሜ ልኩን በአባቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ አሁን ግን አደረገው።

«ዓይንዎ እያየ? አንድ ሌጦ ሦስት ጊዜ የሚያሸቱ ሰው?»

«ቀስ በል። ጭሱን አይቻለሁ። ፉጨቱንም ጆሮዬ ሰምቷል።»

«እና?»

ሐጂ መደቡ ላይ ተቀመጡና ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ሀብተሥላሴ የመጣው ዩሱፍ ወደ ለቀምት በተነሳ ማግሥት ነበር። ከወንዙ እስከ አስፋልቱ ያለውን መሬት አንድ ኩባንያ ለመጋዘን ፈልጎታል፤ ሌላው ሁሉ ይነሣል አለ። የሐጂን ቦታ ግን ሊተወው ይችላል፤ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ የኖሩ ናቸውና። ይህን ካለ በኋላ ነው ኤንትሬውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ እኔም እኮ ጭነት ልጀምር ነው፣ ለምን አንለዋወጥም ያለው። ስጡኝ አላለም። እንለዋወጥ ነው ያለው።

«እኔ መኪና አልገዛሁም፣ ዩሱፍ» አሉ ሐጂ። «ቤት ነው የገዛሁት።»

ዩሱፍ ለመቀመጥ ፈለገ፣ አልተቀመጠም። ከጠዋት ጀምሮ ቱቦ ሲፈታ፣ ጣቱን ሲያስገባ፣ ዘይት ሲያንጠባጥብ የዋለው ሁሉ ታየው። ነውሩ ያለው ኮፈኑ ሥር አልነበረም። ኮፈኑ ተከፈተም ተዘጋም ነገሩ ያው ነው፣ አባቱም ይህን እያወቁ ተመልክተውታል። ንዴቱ የሚያርፍበት አጣ።

«ለምን አልነገሩኝም? እንደ ቂል እዚያ ስርመጠመጥ ሲያዩኝ?»

«በሰው ከምትናደድ በብረት ብትናደድ ይሻላል ብዬ ነው። ብረት አያሳስርህም።»

ዩሱፍ አባቱ ለምን እንደሳቁ አሁን ተረዳ። እኒህ ሰው በሰባ ዓመታቸው፣ በገዛ ደጃፋቸው፣ ለልጃቸው ሕይወት ሲሉ ለዚያ ዱርዬ ሲስቁ ውለዋል።

በሩ ላይ ሰዓዳ ቆማለች። በክንዷ ጭስ ጭስ የሚለውን ልብስ ታቅፋለች። እሷ ሐጂን ቀና ብላ አይታ የምትናገር ሴት አይደለችም፤ አሁንም ወደ ልብሱ እያየች ነው የተናገረችው።

«መኪናው ከሄደ በኋላ የዓመቱን የቦታ ኪራይ በምን እንከፍላለን? ያን ጊዜ ደግሞ ምን እንለዋወጥ ይለናል?»

ዩሱፍ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ያውቀዋል። ከመርካቶ በራሱ መኪና ጭኖ ያመጣው፣ ከሐጂ ጋር የመታው ነው። ቋሚዎቹም ከቀራኒዮ ማዶ ከገመቹ የተገዙ ባሕር ዛፎች ናቸው። ገመቹ የራሱ ቁራሽ መሬት ያለው ገበሬ ነው፤ ዩሱፍ እንጨቱን እየጫነለት ወዳጅ ሆነዋል። ከተማው ሲመርራችሁ ከዛፎቹ ጎን ለአንድ ቤት የሚሆን ቦታ አላጣላችሁም እያለ ሁልጊዜ ይቀልዳል። ቀልድ ይሁን የምር ዩሱፍ ጠይቆት አያውቅም።

«አባባ፣ ይህ ቆርቆሮ የማን ነው?»

«የማን ይሆናል? የእኛ።»

«በሩስ? ቋሚውስ?»

«ሁሉም የእኛ ነው። የእሱ መሬቱ ብቻ ነው።» ሐጂ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ነገሩ ገባቸው። የራሳቸውን ነቅለው መሄድ ይችላሉ። «እጄን አንስቼ አሚን ብያለሁ፣ ዩሱፍ። ከዚህ በፊት ቃሌን በልቼ አላውቅም።»

«ነውሩን ደብቀው ቆዳ ቢሸጡልዎ ምን ያደርጋሉ?»

«እመልሳለሁ። ነውር የተደበቀበት ዕቃ ይመለሳል፤ ሸሪዓውም የሚለው ይህንኑ ነው።»

«ዱዓ ከተደረገበት በኋላም?»

«ከዱዓ በኋላም። ነውሩን ካወቅህ።» ሐጂ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡት። «ለዚህ ነው ያልከፈትኳት። ካላየሁት አላውቀውም፤ ካላወቅሁት አልመልስም ብዬ።»

ሽማግሌው ተነሡ። ምርኩዛቸውን ትተው ወደ ግቢው ወጡ፤ ወደ ቀይዋ መኪና ሄደው እስክትበርድ ጠበቁ፤ ዩሱፍ ቁልፉን አንሥቶ ኮፈኑን ሲከፍትና ቱቦውን ሲፈታላቸው ጎንበስ አሉ። የትኛዋ ናት አሉ። ዩሱፍ አሳያቸው። ሐጂ የነጋዴ ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና መንኮራኩሯን ነካ አደረጓት፤ ተወዛወዘች። ደግመው ነኳት። ጣታቸውን አውጥተው ጥቁሩን ቅባት በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። እንደ ልማዳቸው ገልበጥ አድርገው ደግመው አሸተቱት። ከዚያ በመሐረባቸው ጠረጉና ወደ ቤት ተመለሱ።

ዩሱፍ ምን እንደወሰኑ አላወቀም። እሺም አላሉ፣ እንቢም አላሉ። እሱ ግን ከእንግዲህ የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም። ኮፈኑን ዘጋ፣ ማርሿን ነፃ አደረገ፣ ከሰዓዳ ጋር እየገፉ ቀይዋን መኪና ከግቢው አውጥተው አጥሩ ሥር አቆሟት። ቁልፏን እዚያው ኮፈኑ ላይ፣ ባለቤቱ በወረወረበት ቦታ አኖረው። ቀጥሎ ኤንትሬውን አስነሳና ወደ ኋላ እየነዳ ካሶኒውን ከቤቱ ግድግዳ አስጠጋ። እንደ ወትሮው ጥቂት እንዲሠራ ተወውና ከዚያ አጠፋው።

ሰዓዳ መዶሻውን አምጥታ ሰጠችው። መሰላሉን አቁሞ ወጣ። ጣሪያው ላይ ሆኖ ሲያይ አስፋልቱ እስከ ማዶ ይታያል፤ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ያ ሰው በዚያ በኩል ከነሹፌሩ ይመጣል። ይምጣ። ቤቱ በኤንትሬው ተጭኖ ወደ ገመቹ ሄዷልና መሬቱን ባዶ ያገኘዋል፤ ለመጋዘን ባዶ ነው የሚፈልጉት። ከዚያ ወዲያ ለፍርድ ቤትም ለፖሊስም ቢሮጥ፣ መኪናህ ደጅህ ላይ ናት፣ መሬትህም መሬትህ ነው ይለዋል። ይህን ሲያስብ ፍርሃትም ነበረበት፣ ይበልጡን ግን ንዴት ነበር። የመዶሻውን ጥፍር ከመጀመሪያው ምስማር ሥር አስገብቶ ነቀለው። ዝገቱ ጮኸ፣ ምስማሩ በቆርቆሮው ላይ ተንከባሎ ግቢው ውስጥ ወደቀ።

ሐጂ ከሊፋ ከቤት ወጡ። የወደቀውን ምስማር ፈልገው አነሡና አዩት፤ መሐሉ ላይ ጎብጧል። ወደ በሩ ደፍ ሄደው ተቀመጡ። ምስማሩን ድንጋይ ላይ አጋድመው በሌላ ድንጋይ እየመቱ እስኪቀና ድረስ አገላበጡት፤ ሲቀና አንድ ጊዜ በዓይናቸው ለክተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ ቀጣዩን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።